ሌሊት የቀን መቅድም ነው
ለተመራቂ መምህራን የተደረገ ንግግር



በእንዲህ ያለ የደስታ ጉባኤ ተጋብዞ የሚናገር ሰው ስለ ትጋት ዋጋ ማውሳቱ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ትጋታችሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ማስረጃ ስለሚመሰክርላችሁ፣ በሐኪምነት ሥራዬም ከትጋት ማነስ ይልቅ በዕረፍት ማጣት የተጎዱ መምህራንና ወላጆች በዝተው ስላየሁ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ዕረፍት ሥርዓት ይሆናል።

በኦሪት ዘፍጥረት የፍጥረት ቀኖች ሲቆጠሩ ማታው ከጧቱ ቀድሞ መጻፉን፣ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ተከትላ በዓሏን ከዋዜማው መጀመሯን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከዚህ ሥርዓት የምንማረው ሌሊት የቀኑ ትራፊ ሳይሆን መቅድሙ መሆኑን፣ ሰውም አርፎ የሚሠራ እንጂ ከሥራ በተረፈው ጊዜ ብቻ የሚያርፍ ፍጡር አለመሆኑን ነው። እኛ ግን ሥርዓቱን ገልብጠን ለዕረፍት የመጨረሻውን ተራ ሰጠነው፤ የመምህርና የወላጅ ሥራ ደግሞ ተፈጸመ የሚባልበት ሰዓት ስለሌለው፣ ተራው ሳይደርስ ዓመቱ ያልቃል።

ይህ ዕረፍት የለሽ ውጥረት በሥጋ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በቪየና ተወልዶ በካናዳ ሲያስተምር የኖረው ሐንስ ሴሊዬ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1936 በ«ኔቸር» መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ በእንስሳት ላይ የሚደርሰው መከራ ብርድም ይሁን መርዝ ወይም ከልክ ያለፈ ድካም፣ ሰውነት የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ መሆኑን ገለጠ፤ ይኸውም መጀመሪያ መደንገጥ፣ ቀጥሎ መቋቋም፣ መከራው ካላቋረጠ በመጨረሻ መዛል ነው። በመስከረም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች በሚያመነጩት አድሬናሊን ልቡ እየመታ አዲስ ክፍል የሚገባ መምህር፣ በጥር ፈተና አርሞ ሮስተር ሲሞላ ሁሉን የቻለ መስሎት፣ በግንቦት ግን በትንሽ የወንበር ጩኸት የሚቆጣ ከሆነ፣ ክፉ ጠባይ ወጣበት ከማለት ይልቅ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል ብሎ መመርመር የተሻለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 መፍትሔ ያላገኘ የሥራ ውጥረት የሚያመጣውን መዛል በበሽታዎች መዝገቡ ሲያሰፍር፣ በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ ብሎ ገልጾታል።

ታዲያ መድኃኒቱ ከየት ይጀምር? ነቢዩ ኤልያስ ከንግሥት ኤልዛቤል ሸሽቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ሞቱን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ አስቀድሞ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በልቶ ጠጥቶ ተኛ፣ ሁለተኛም ተቀስቅሶ በላ፤ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ነቢይ እንኳ ከምክር በፊት እንቅልፍና ምግብ ካስፈለገው፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይተኛ የሚለውን የሐኪሞች ምክር ቅንጦት ነው ማለት አይገባም። የቡናችንንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ ከጠጣነው የቡና ኃይል ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ አቦል፣ ቶናና በረካው ማታ መሆኑ ቀርቶ ከቀትር ሳይርቅ ቢሆን፣ የጎረቤት ጨዋታው ሳይጎድል እንቅልፉም ይገኛል።

ሁለተኛው ምክር በቀን መካከል ስለሚደረግ ጥቂት ዕረፍት ነው። አባቶቻችን ቀኑንና ሌሊቱን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍለውታል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም በአምስት ሶላት ይከፍሉታል፤ ከመንፈሳዊው ጥቅም ሌላ፣ ሰው ከጀመረው ሥራ እጁን አንሥቶ ልቡናውን እንዲሰበስብ የሚያስገድድ ሥርዓት ነውና። እናንተም ደወል ተደውሎ ወደ ሌላው ክፍል ከመግባታችሁ በፊት፣ ወላጆችም ከሥራ ተመልሳችሁ የቤታችሁን በር ከመክፈታችሁ በፊት፣ ትንፋሻችሁን ከምታስገቡበት ይልቅ የምታስወጡበትን አስረዝማችሁ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ብትተነፍሱ፣ የልብ ምት ረገብ ይላል። ልጅ ገና ሲገባ «ስንት አገኘህ?» የሚል ወላጅም፣ ጥያቄውን ከእራት በኋላ ቢያደርገው የራሱንም የልጁንም ውጥረት ያቀላል።

ሦስተኛው ሸክምን ማካፈል ነው። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾምና ከባዱን ነገር ብቻ ለራሱ እንዲያስቀር መከረው። በአብነት ትምህርት ቤታችንም የኔታ ሕፃኑን ሁሉ ብቻቸውን አያስቆጥሩም፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ለታናሹ ፊደል ያስጠናል፣ የኔታም የተማረውን ይሰሙለታል። ስለዚህ ስድሳ ደብተር ተሸክማችሁ ወደ ቤት ከመሄድ፣ ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን ጥንድ ጥንድ ሆነው በክፍል ውስጥ ከሰሌዳው ጋር እያስተያዩ እንዲያርሙ አድርጉ፤ እናንተም በየቀኑ የተወሰኑትን ብቻ በተራ ተመልከቱ። በቤትም አባት ልጅን ማጠብንና ማስጠናትን የእናት ድርሻ ብቻ አድርጎ እስከ ቆጠረ ድረስ፣ ስለ እናት ዕረፍት የሚነገረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ይሁን እንጂ ውጥረት ሁሉ በመምህሩ ትንፋሽና በወላጁ ትዕግሥት ይወገዳል ብዬ ባታልላችሁ በደልኋችሁ። የተጨናነቀ ክፍል፣ ከኑሮ ጋር የማይመጣጠን ደመወዝ፣ ያለቅጥ የበዛ ሪፖርት፣ እነዚህ በአስተዳዳሪዎች እጅ ያሉ ነገሮች ናቸውና፣ በዚህ ጉባኤ የተገኛችሁ ባለ ሥልጣኖች መምህሩን «ራስህን ጠብቅ» ብላችሁ ከመምከር ጋር የሚጠብቀውን ሥርዓት እንድታቆሙለት በአክብሮት አሳስባለሁ። ደግሞም እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ሁለት ሳምንት ያህል የጸናበት ሰው፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበማ አንድ ቀን እንኳ ሳይቆይ፣ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጠበሉም መድኃኒቱም የአንድ ፈጣሪ ስጦታ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ተመራቂዎች ሆይ፣ በመስከረም የመጀመሪያውን የትምህርት ዕቅዳችሁን ስትጽፉ ከክፍለ ጊዜው ሁሉ በፊት ደብተር የምትዘጉበትን የማታ ሰዓት ጻፉ፤ ዕቅዱንም የሚያጸድቀው ርእሰ መምህር ይህ ሰዓት ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ሳይፈርም ይመልስላችሁ። እግዚአብሔር የአገልግሎት ዘመናችሁን ይባርክ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።