የጠፋው ውሃና የሰው ስም
(ለመጠለያው ነዋሪዎች በተዘጋጀ የውሃ አጠቃቀም ስብሰባ ላይ በአንድ ስደተኛ መምህር የቀረበ ንግግር)



የውሃ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ እሺ ያልሁት አዋቂ ስለሆንሁ አይደለም። በውሃ ምክንያት ሰው በድያለሁና ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለው ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ኬንያ ሲሻገር እኔም አብሬ ተሻገርሁ። ቆይቼ በኬንያው ሞያሌ አንድ ክፍል ተከራየሁ። በግቢው ስምንት ቤተሰብ ነበርን። ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪውም አንድ ነው፤ ሂሳቡን እኩል እንካፈላለን። አንድ ወር ሂሳቡ ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። ከመካከላችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። «ውሃውን የጨረሱት እሳቸው ናቸው» ተባለ። «ኧረ እኔ በቀን ከሦስት ጀሪካን አላልፍም» ብለው ቢምሉም የሰማቸው የለም። የእሳቸው ድርሻ እጥፍ ይሁን ሲባል እኔም እጄን አወጣሁ።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሦስት ጀሪካን 60 ሊትር ነው፤ በወር 1,800 ሊትር። ቆጣሪው አንድ ቁጥር የሚጨምረው 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ጀሪካን ሲያልፍ ነው። የእናትየው ጠቅላላ ፍጆታ እንኳ ሁለት ቁጥር አይሞላም። በማግሥቱ ማታ ቧንቧው መዘጋቱን አይቼ የቆጣሪውን ቁጥር በደብተሬ ጻፍሁ። ሲነጋ ባየው ማንም ሳይቀዳ ተቆጥሯል። ውሃው የሚጠፋው ከመሬት በታች በተሰነጠቀ ቧንቧ ኖሯል።

ደብተሩን ይዘን ወደ ውሃ አቅራቢው ሄድን። ቶሎ አልመጡም፤ ደጋግመን ተመላለስን። በመጨረሻ ግን ቧንቧው ተጠገነ፤ ሂሳቡንም ከፋፍለን እንድንከፍል ፈቀዱ። እኔም ወደ እናትየው ሄጄ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ፤ ግን ቆጣሪውን ከመጠየቅህ በፊት እኔን ብትጠይቀኝ ምናለ?» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ወገኖቼ፣ እኛም ጋ በየቦኖው «እገሌ ሰረቀ፣ የእነ እገሌ ወገን ጨረሰ» ሲባል እሰማለሁ። ከመወነጃጀል በፊት እንቁጠር። በሴኮንድ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ያፈሳል። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሆን ከ4 ሊትር በላይ ነው፤ በአምስት ቀን አንድ ጀሪካን ያልፋል። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በመጠለያ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር እንዲደርስ መመዘኛ አውጥቷል። የቤታችሁን ቀድታችሁ ለሰው ብታካፍሉት የጎደለውን ታውቃላችሁ። ቁጥር ይዞ የሚጠይቅን ሰው ማንም «ለማኝ» አይለውም። የኬንያ ሕገ መንግሥት (2010) በአንቀጽ 43 ንጹሕና በቂ ውሃ የማግኘትን መብት የሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ነው፤ ለዜጋ ብቻ አላለም።

በሞያሌ ዙሪያ የሚኖረው የቦረና ሕዝብ ጥልቅ ጉድጓዶቹን እንዴት እንደሚያስተዳድር ያየ ይመሰክራል። ተራ የሚያስጠብቅ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው አላቸው። ከጉድጓዱ የሚጠጣ ሁሉ በጥገናውም ይሳተፋል። ውሃ ባነሰበት አገር ሰላም የሚገኘው በሥርዓት መሆኑን ከእነሱ እንማር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። የተበላሸ ቧንቧ ያየ በዚያው ቀን ለኮሚቴው ይንገር። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕሙማን ቅድሚያ ይሰጣቸው። ሴት ልጆቻችንም በሰልፍ ምክንያት ከትምህርት እንዳይቀሩ አባቶችና ወንድሞች ጀሪካኑን ተቀበሏቸው፤ ጠዋት በክፍሌ ባዶ የማየው ወንበር የእነሱ ነው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የሰው ስምም እንደዚሁ ነው።