በኮምፒውተር ቅርጽ ላይ ቀለም ስለ መቀባት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ በኮምፒውተር በተሠራ ቅርጽ ላይ ቀለም ስለ መቀባት ነው። ሥራችንን ጨዋታ ነው የሚሉን ስላሉ፥ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ልናስረዳ እንወዳለን።

ኮምፒውተር የሚሠራው ቅርጽ በመጀመሪያ እንደ ሽቦ መረብ ባዶ ነው፤ እንጨት ይሁን ሸክላ፥ አዲስ ይሁን አሮጌ አይታወቅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ኤድዊን ካትሙል የተባለ ሰው በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ቅርጽ ሥዕል ማልበስ እንደሚቻል አሳየ። በ1990 ደግሞ ፓት ሃንራሃንና ፖል ሄበርሊ በቅርጹ ላይ በብሩሽ እንደሚቀባ አድርጎ በቀጥታ የመቀባትን መንገድ አስታወቁ። ካትሙልና ሃንራሃንም የ2019ን የቱሪንግ ሽልማት አብረው ተሸልመዋል።

እኛም ብሌንደር በተባለው፥ ያለ ክፍያ በሚገኘው ፕሮግራም የአንድ ጓደኛችንን አያት ጀበና ለመሥራት ተነሣን። የጀበናውን ገጽ፥ ልብስ በስፌቱ እንደሚተረተር ሁሉ፥ ተርትረን ዘረጋነው። ቀለሙ የሚያርፈው በዚህ ዝርግ ሥዕል ላይ ነው፤ በየጎኑ 1,024 ነጥብ ስላለው በጠቅላላው 1,048,576 ነጥብ ይሆናል። ስፌቱን በሆዱ ፊት ለፊት ብናደርገው ቀለሙ በመካከል ተቆርጦ ታየ፤ ስለዚህ ወደ እጀታው ሥር ወሰድነው። ቀጥሎም የጀበናውን ማብረቅረቅ በነጭ ቀለም ሣልነው። ጀበናውን ስናዞረው ግን ነጩ አብሮ ዞረ! ነጸብራቅ የብርሃኑ እንጂ የዕቃው ቀለም አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን፤ ልስላሴውንና ሻካራነቱንም ለብቻው በሌላ ሥዕል አመለከትን።

ሥራው ሲያልቅ ለአያትየው አሳየናቸው። «ልጆቼ፥ አምሯል፤ ነገር ግን ይህ ጀበና ቡና አፍልቶ አያውቅም» አሉን።

አፈርን። ተመልሰን እውነተኛውን ጀበና በእጃችን ይዘን ተመለከትነው። ከሥሩ ጥላሸት፥ በእጀታው ላይ እጅ ያለሰለሰው ቦታ፥ ባንገቱ አጠገብ ቀጭን ስንጥቅ አገኘን። ሁሉንም ቀባን።

እማማ ዳግመኛ ሲያዩት ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ አኖሩና፥ «ይህንማ ያደረገችው እናትህ ናት፤ በልጅነቷ ከበሩ ጋር አጋጭታው» ብለው ለልጅ ልጃቸው ነገሩት። ጓደኛችን እናቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ ይህንንም ወሬ ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን።

እናንት ታናናሾቻችን፥ ብሩሹን ከማንሣታችሁ በፊት ዕቃውን ራሱን ተመልከቱ። እናንተም ወላጆቻችን፥ በቤት ያለው አሮጌ ዕቃ ሳይሰበር ታሪኩን ንገሩን፤ እኛም ተግተን እንሥለዋለን።