ከቢሮ በኋላ ያለው ሰዓት



በሶፍትዌር ምህንድስና ተመራቂዎች ፊት የቆመ እንግዳ ስለ ቴክኖሎጂ ተስፋ እንዲናገር ይጠበቃል። እኔ ግን ስለ ሰዓታችሁ ልናገር ነው የመጣሁት፤ በተለይ ከቢሮ ከወጣችሁ በኋላ ስላለው ሰዓት። ሙያችን ሰውን ተከትሎ ቤት ይገባል። ላፕቶፑ ቢከደንም ያልተፈታው ችግር ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ እራት ላይ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ውስጥ አብሯችሁ አለ። በዚያ ላይ «አዲሱን ነገር ካልተማርኩ ኋላ እቀራለሁ» የሚል ጭንቀት ይጨመርበታል። ጀማሪው ፕሮግራመር ቀን ይሠራል፣ ማታ ኮርስ ይከታተላል፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርተፍኬት ይሰበስባል። እንዲህ ሲል ይከርምና ሥራውንም ትምህርቱንም ይጠላል። ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ሙያውን ሲተዉት አይቻለሁ፤ ያልቻሉት ድካሙን እንጂ ኮዱን አልነበረም።

ጭንቀቱ መሠረት የለውም አልልም። መሣሪያዎቻችን በእርግጥ ይሞታሉ። በአንድ ወቅት ድረ ገጾችን ሞልቶ የነበረው ፍላሽ በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ተቋረጠ። የፓይተን 2 ድጋፍም በዚያው ዓመት መግቢያ አበቃ። ግን ያልሞቱትንም ቁጠሩ። ዩኒክስ ከ1969 ጀምሮ አለ። ኤስኪውኤል በ1970ዎቹ አይቢኤም ውስጥ ተወልዶ ዛሬም ዳታቤዞቻችንን የምናናግርበት ቋንቋ ነው። ቲሲፒ አይፒ በ1983 ሥራ ላይ ውሎ እስካሁን ኢንተርኔትን ተሸክሟል። ዳታቤዝ እንዴት እንደሚሠራ፣ መረጃ በኔትወርክ እንዴት እንደሚጓዝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሜሞሪን እንዴት እንደሚያከፋፍል በደንብ የገባው ሰው አዲስ ፍሬምወርክ ሲመጣ አይደነግጥም፤ ቶሎ ይለምደዋል። እናንተ ደግሞ ይህን መሠረት እዚሁ ጀምራችሁታል። እሱን አጥልቁት፤ የወር ፋሽን ሁሉ እያባረራችሁ ሌሊታችሁን አትጨርሱ።

ቀሪው ትምህርት በሥራ ሰዓት ውስጥ ይሁን። ለድርጅቱ የሚያስፈልገውን ነገር መማር ራሱ ሥራ ነው፣ ደመወዝም የሚከፈልበት ነው። ኤረር ሲያጋጥማችሁ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰጣችሁን መልስ ለጥፋችሁ አትለፉ። ከየት እንደመጣ እስኪገባችሁ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ዶክመንቴሽኑን ከምንጩ አንብቡ። ኮዳችሁን የሚገመግመው ሲኒየር «ይህን ቀይሩት» ሲል ምክንያቱን ጠይቁት፤ ጥያቄ የሚሰለቸው ሲኒየር ካጋጠማችሁ ሌላውን ጠይቁ። በዚህ መንገድ የተያዘ እውቀት አይረሳም፣ ምክንያቱም በእጃችሁ ባለ እውነተኛ ችግር ላይ የተገኘ ነው።

ብዙ ሰዓት መሥራት የጉብዝና ምልክት ተደርጎ ሲወራ ትሰማላችሁ። ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የሚባለውን አሠራር ያስተዋወቀው ኬንት ቤክ ግን በሳምንት 40 ሰዓት መሥራትን ከአሠራሩ ደንቦች አንዱ አድርጎት ነበር። ትርፍ ሰዓት ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ካስፈለገ ችግሩ ከፕሮጀክቱ ነው ይል ነበር። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ትርፍ ሰዓትም በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ ተጨማሪ ክፍያም አለው። የሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አዋጅ አንብቡት።

የግል ሰዓት ለመማር አይዋል እያልኩ አይደለም። ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን መጻፍ የጀመረው በፈረንጆቹ 1989 በገና ዕረፍት ላይ፣ ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ነገር ፈልጎ ነው። ፊደላችን በኮምፒውተር እንዲጻፍ ከደከሙት ፈር ቀዳጆች አንዱ ዶክተር አበራ ሞላ የሠለጠኑት በእንስሳት ሕክምና ነበር፤ ይህን ሥራ የተማሩት ሙያ አልጠየቃቸውም። እናንተም የምትወዱት ነገር ካለ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ምሽት ስጡት። ሌላውን ምሽት ግን ለቡናው፣ ለሠርጉ፣ ለለቅሶው፣ ለኳሱ፣ ለጸሎቱና ለእንቅልፍ ተዉት።

አንዳንዶቻችሁ ቤት ተቀምጣችሁ ለውጭ ድርጅት ትሠራላችሁ። በፈረንጆቹ ክረምት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ረፋድ 4 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ምሽቱን ለሥራ ከሰጣችሁ ጠዋቱን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ካልሆነ ቀኑም ሌሊቱም የሥራ ይሆናል።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ እናንተንም ልለምን። ልጃችሁ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፕ ይዛ ስትቀመጥ ሥራ ላይ ናት። «ቤት ከዋልሽማ እንግዳውን ተቀበዪ፣ ወፍጮ ቤት ድረሺ» ስትሏት አክብራችሁ ትነሣለች፤ የጎደለውን ሰዓት ግን ከእንቅልፏ ትከፍለዋለች። ወንድሟ በሩን ዘግቶ ሲሠራ የማይጠራ ከሆነ እሷም አትጠራ። ሙያውን ትተው ከሄዱት መካከል የቤቱ ሥራ ሁሉ የተጫነባቸው ሴቶች እንዳሉበት ስለማውቅ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ተመራቂዎች፣ በቅርቡ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባላችሁ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አላችሁ?» ይሏችኋል። አዎ በሉ። ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ ማን ይጠራል? ተራው በስንት ሳምንት ይደርሰኛል? ሌሊት የሠራ ሰው በማግስቱ ያርፋል? ለመማር ከሥራ ሰዓቱ ምን ያህል ትሰጣላችሁ? ጥያቄዎቹን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው፤ ተከታታይ ቃለ መጠይቅ ሲበዛ ይረሳሉ።