ወጣቱ መሐንዲስና የዕድገት ጥያቄ



በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ ተዳፋት በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፣ አፈር ደግፈው የቆሙ የድንጋይ ግንቦች ይታያሉ። ከሙያው ሰው እንደማይሰወረው፣ እንዲህ ያለውን ግንብ የሚገፋው አፈሩ ብቻ ሳይሆን በክረምት ከጀርባው የሚታቆረው ውሃ ጭምር ነው። ስለዚህም በግንቡ ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይተዋል፤ ከኋላውም ጠጠር ይሞላል። አንድ ወጣት መሐንዲስ ግን በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ የድንጋዩን ሜትር ኩብ እየለካ የክፍያ ሰርተፊኬት ከማዘጋጀት በቀር፣ ቀዳዳዎቹ ለምን በዚያ ርቀት እንደ ተቀመጡ ሳይጠይቅና ሳይጠየቅ ሊያልፍ ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃው አምስት ዓመት ይላል፤ ሐሰትም አይደለም። ዳሩ ግን ቀጣዩን ግንብ አንተ ንደፈው ቢባል ማስረጃው አይረዳውም።

ወጣት ሠራተኛ ስለ ሙያ ዕድገቱ ሊጨነቅ ይገባዋልን? ለሚለው ጥያቄ በአንጋፋዎች ዘንድ የተለመደው መልስ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ነው። ተረቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው የታቀፈችው ዶሮ ስትኖር ነው።

በትዕግሥት ስለ ማደግ ሲነሣ ከእንጦጦ ታሪክ የሚጠቀስ አንድ መሐንዲስ አለ። የስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ኢልግ በዙሪክ ትምህርቱን ፈጽሞ በ1871 ዓ.ም. በወቅቱ የሸዋ ንጉሥ ወደ ነበሩት ወደ ምኒልክ ሲመጣ ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ያህል ነበር። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ለንጉሡ ጫማ መሥራት እንደ ነበር ይነገራል። በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ከእንጦጦ ተራራ ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት አወረደ፤ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን ፈቃድ ተቀበለ። የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ የተሰጠው በ1889 ዓ.ም. ማለትም አገሩን ከረገጠ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በ1908 ዓ.ም. የሞተው ኢልግ ይህን አላየም።

ይህን ታሪክ አንሥቶ ወጣቶችን «ታገሡ» ማለት ቀላል ቢሆንም ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል። ኢልግን ያሳደገው የቆየበት ዘመን ብቻ አልነበረም፤ ሥራው ከምንጩ እስከ ቤተ መንግሥቱ በእጁ ስለ ተሰጠው ነው። ውሃው ባይወርድ የሚጠየቀው እርሱ ነበር። ቦዩን የቆፈሩትና ቧንቧውን ተሸክመው ያወጡት ኢትዮጵያውያንም ታግሠዋል፤ ነገር ግን ከኢልግ ስም ጎን ስማቸው ሲነሣ አይሰማም። ትዕግሥት ብቻውን ዕድገት ቢያመጣ ኖሮ ከሁሉ በፊት ያደጉት እነርሱ በሆኑ ነበር።

የዛሬው ወጣት ያለበት ሁናቴ ደግሞ ሌላ ነው። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰባ በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ እንዲመደብ ከተወሰነ ወዲህ የምህንድስና ምሩቁ ቁጥር እጅግ በዝቷል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ላይ የዋለው የነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴም የሚመዝነው የሥራ መደቡን እንጂ በመደቡ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይደለም። ዘዴው ለፍትሐዊነት የታሰበ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ግን በመደቡ ላይ ያለው ሰው ዕውቀት ጨመረ ወይስ ዛገ የሚለውን አይነግረንም። ይህን ሊያውቅ የሚችለው የቅርብ አለቃው ነው።

ወጣት ኃላፊነት ቢሰጠው ሊሸከመው እንደሚችል እዚያው እንጦጦ ላይ ታይቷል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ፣ በሥራዋ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይና ባልደረቦቻቸው ጋር ተካፍለው ነበር፤ መረጃዋን የሚቀበለው የምድር ጣቢያም የተቋቋመው በእንጦጦ ራስ ላይ ነው። በአገሪቱ ከዚያ በፊት በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ አንጋፋ አልነበረምና ሥራው ለጀማሪዎች ከመሰጠት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። አንጋፋ ባለበት መሥሪያ ቤት ይህ ለምን ይከብዳል?

የደመወዝ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የቤት ኪራይ የሚከፍል ወጣት ዕውቀት በልቶ አያድርም፤ ጥቂት ብር ጨምሮለት ሌላ ድርጅት ቢሄድም ከዳተኛ ሊባል አይገባውም። ይሁን እንጂ በየመንፈቁ የሚዘዋወር መሐንዲስ የሠራው ግንብ ክረምት ሲገባበት አያይም፤ ስሕተቱንም የሚማረው ሌላ ሰው ይሆናል። ይህ ኪሳራ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስለማይታይ ብዙዎች እንደ ኪሳራ አይቆጥሩትም።

ስለዚህ ወጣቱ ቢጨነቅ አይፈረድበትም፤ የሚጨነቅበት ጉዳይ ግን ከማዕረጉ ይልቅ በእጁ የሚያልፈው ሥራ ቢሆን ይመረጣል። አንጋፋውም ትዕግሥትን ከመስበኩ በፊት አንድ ትንሽ ግንብ ይስጠው። መሬቱን እርሱ ይለካ፤ የአፈሩን ዓይነት እርሱ ይመርምር፤ የቀዳዳዎቹን ርቀት እርሱ አስልቶ ያቅርብ፤ አንጋፋው አርሞ ሲፈርም የወጣቱም ስም በንድፉ ወረቀት ላይ ይስፈር። ሐምሌ ሲገባም ውሃው በየትኛው ቀዳዳ እንደ ወጣና በየትኛው እንዳልወጣ በዝናቡ ውስጥ ሄደው አብረው ይዩ።