በትልቅ ኪሮሽ ብርድ ልብስ ስለ መሥራት
ለእጅ ሥራ ተማሪዎችና ለቤት እመቤቶች የተደረገ ንግግር



በኢትዮጵያም ሆነ በኤርትራ ከተሞች ኪሮሽ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ዳንቴል ነው። ይኸውም በቀጭን የብረት መርፌና በነጭ የጥጥ ክር ተሠርቶ በጠረጴዛ፥ በሶፋ መደገፊያና በትራስ ላይ የሚዘረጋው ጌጥ ነው። ሥራው የሚያስመሰግን፥ የሠሪዋንም ትዕግሥት የሚመሰክር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን አንዲት የቤት እመቤት ሦስት ወር ሙሉ ዐይኗን አድክማ ጠረጴዛውን ስታለብስ፥ በዚያው ቤት ያለው ልጅ በሐምሌ ሌሊት በስስ ነጠላ ተጠቅልሎ የሚያድር ከሆነ፥ ከጠረጴዛውና ከልጁ የሚበርደው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግር ስለ ልጁ ነው።

ኪሮሽ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በአሜሪካና በካናዳ በወፍራም የሱፍ ክር በኪሮሽ የሚሠራውን ብርድ ልብስ «አፍጋን» ይሉታል። ስሙ ከአፍጋኒስታን ተወሰደ እንጂ የኪሮሹ ሥራ ከዚያ የመጣ አይደለም፤ በአውሮፓ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ይህም ሙያ የጌጥ ብቻ እንዳልነበረ አየርላንድ ትመሰክራለች። በ1845 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የድንች በሽታ ገብቶ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ በኮርክና በክሎንስ አውራጃዎች ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ በመሸጥ ቤተ ሰባቸውን መግበዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የትልቁ መርፌ ጥቅም ያለው በዚህ ነውና። ወርዱ 120፥ ቁመቱ 150 ሳንቲሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ሊሠራ ታስቧል እንበል። በመካከለኛ መርፌ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 16 ዐይንና 12 ተራ ቢገባ፥ ጠቅላላው 192 ዐይን በ180 ተራ፥ ማለት 34,560 ዐይን ይሆናል። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው መርፌ ግን በዚያው ስፍራ 8 ዐይንና 6 ተራ ቢገባ፥ 96 ዐይን በ90 ተራ፥ ማለት 8,640 ብቻ ነው። ዐይኑ በወርድም በቁመትም እጥፍ ሲሆን ሥራው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። በደቂቃ 10 ዐይን የምትሠራ ሴት የመጀመሪያውን በ58 ሰዓት፥ ሁለተኛውን በ14 ሰዓት ተኩል ያህል ትጨርሳለች። በቀን አንድ ሰዓት የምታገኝ እናት እንግዲህ ሁለት ወር የሚፈጀውን በሁለት ሳምንት ፈጸመች ማለት ነው። ብዙ የተጀመረ የእጅ ሥራ በሣጥን ውስጥ የሚቀረው ከስንፍና የተነሣ ሳይሆን ከርዝመቱ የተነሣ መሆኑን ያየ ሰው ይህን ልዩነት አይንቀውም።

መርፌው በገበያ ከታጣ ጥሩ አናጢ ከወይራ እንጨት ሊቀርጸው ይችላል። ክሩን እንዳይዝ በብርጭቆ ወረቀት በሚገባ ይለስልስ። ወፍራም ክር ካልተገኘ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ይያዛል።

ሥራው ሲጀመር 98 ዐይን ያለው ሰንሰለት ሳይጠብቅ ይሠራል። ከዚያም ክሩ አንድ ጊዜ በመርፌው ላይ ይጠመጠምና መርፌው ከጫፉ ሦስተኛ በሆነው ዐይን ገብቶ ክሩን ስቦ ያወጣል። በዚህ ጊዜ በመርፌው ላይ ሦስት ቀለበት ይገኛል፤ ክሩ እንደ ገና ተይዞ በሦስቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ይሳባል። እንዲህ እያሉ እስከ ተራው መጨረሻ 96 ዐይን ይሞላል። በየተራው መጨረሻ 2 የሰንሰለት ዐይን ተጨምሮ ሥራው ይገለበጣል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አይቈጠሩም። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሳያስተውሉ የዳሩን ዐይን ይዘሉና ብርድ ልብሱ እየጠበበ ሄዶ የቅል ቅርጽ ይይዛል። መድኃኒቱ በየተራው 96ቱን መቍጠር ነው፤ ሌላ የለውም። አስቀድሞም የመዳፍ ስፋት ያህል ለሙከራ ሠርቶ በሜትር መለካት ይገባል፤ የእጅ ጥብቀት እንደየሰው ይለያያልና።

ትልቅ መርፌ ጕድለት የለውም ማለት አይደለም። መርፌው ለክሩ ከመጠን በላይ ከወፈረ ሥራው ወንፊት ሆኖ ነፋስ ያሳልፋል፤ በቀዳዳውም የሕፃን ጣት ሊያዝ ይችላል። ሱፍም ይበላል፤ ከ1 ኪሎ የማያንስ ክር መዘጋጀት አለበት። በመንዝ ባና የሚሠራበትን የበግ ጠጉር የሚፈትሉ ሴቶች ባሉበት ስፍራ ግን ወፍራሙ የእጅ ፈትል ለዚህ ሥራ እጅግ ይስማማል። የሸማኔ ዕቃ ስለማያስፈልገውም ፈታዪቱ ራሷ ልትጨርሰው ትችላለች።

ለመሸጥ የሚሠራ ከሆነ፥ ሴቶች ዘወትር የሱፉን ዋጋ ብቻ አስበው ጥቂት ጨምረው ይሰጣሉ፤ ገዢውም ይህን ዐውቆ ይከራከራል። የሥራው ሰዓት በደብተር ተጽፎ ከዋጋው ጋር መታሰብ አለበት። ሹራብ በመኪና ይሠራል፤ እውነተኛውን ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ ከእጅ በቀር የሚሠራው የለም።

የሱፍ ብርድ ልብስ በፈላ ውኃ ከታጠበ ይኮማተራል፥ መልሶም አይዘረጋም። ስለዚህ ለብ ባለ ውኃ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ይጨመቅ። በገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ስለሚረዝም፥ በንጹሕ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ በጥላ ይድረቅ። ብልም እንዳይበላው በሚገባ ሳይደርቅ ወደ ሣጥን አይግባ።