ኩሬው ከተቆፈረ በኋላ፦ የአነስተኛ ዓሣ አርቢዎች ፈተናና ዕድል



ዛሬ የማነሣው በእርሻው ዳር አንድ ወይም ሁለት ኩሬ ይዞ ዓሣ ስለሚያረባው ገበሬ ነው። በአገራችን ስለ ዓሣ እርባታ ሲነሣ ንግግሩ በአብዛኛው ኩሬ በመቆፈር ይጀምርና እዚያው ያበቃል። ስንት ኩሬ ተቆፈረ፣ ስንት ጫጩት ተሠራጨ ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን በእኔ እምነት የአርቢው ዕጣ የሚወሰነው ኩሬው ከተቆፈረ በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ የሚወስኑትም ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጫጩት፣ መኖ እና ገበያ። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን ማስረዳትና በመጨረሻም ከእናንተ ከተማሪዎች ምን እንደሚጠበቅ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ጉዳዩን በዓለም ሚዛን እንመልከተው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተመረቱት ዓሣና ሌሎች የውኃ እንስሳት 94.4 ሚሊዮን ቶን ደርሰዋል። ይህም ከጠቅላላው የውኃ እንስሳት ምርት 51 በመቶ ያህሉ ነው። በእርባታ የሚገኘው ምርት ከባሕር፣ ከሐይቅና ከወንዝ ከሚጠመደው ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሰው ልጅ በሬን ከጠመደና በግን ካላመደ ሺህ ዘመናት አልፈዋል፤ ዓሣን ግን ከማጥመድ ወደ ማርባት በስፋት የተሻገረው በእኛ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል።

በአፍሪካ ደግሞ በዓሣ እርባታ ቀዳሚዋ አገር ግብፅ ናት። ዓመታዊ ምርቷ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን ዋናው ዓሣዋም እኛ ቆሮሶ የምንለው የዓባይ ቲላፒያ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ የዓሣ እርሻዎች በአመዛኙ የዓባይን ንጹሕ ውኃ እንዳይጠቀሙ ከልክላለች። ስለዚህ አብዛኞቹ የግብፅ አርቢዎች የሚጠቀሙት ከመስኖ እርሻ ተርፎ የሚወጣውን የፍሳሽ ቦይ ውኃ ነው። እኛ የአፍሪካ የውኃ ማማ ተብለን እንጠራለን፤ ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ አሉን። ሆኖም በእርባታ የምናገኘው ዓሣ ከሐይቆቻችን ከሚጠመደው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ልዩነቱን የፈጠረው ውኃ ብቻ ሊሆን አይችልም። በግብፅ በየአካባቢው የግል ጫጩት ማባዣዎችና የመኖ ፋብሪካዎች ተስፋፍተዋል፤ ለዓሣውም ሰፊ የከተማ ገበያ አለው። ናይጄርያም በአምባዛ እርባታ የታወቀችው የከተማ ሕዝቧ ዓሣውን በሕይወት ሳለ ለመግዛት ስለሚሻ፣ ገበያው አርቢውን ስለጎተተው ነው።

አሁን ሦስቱን ነገሮች በየተራ ልመልከት።

የመጀመሪያው ጫጩት ነው። ቆሮሶ ለጀማሪ አርቢ የተመቸ ዓሣ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚበቅሉትን ደቃቅ ዕፅዋት ይመገባል፤ ሥጋውም ተወዳጅ ነው። ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው። እናቲቱ ዕንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም በአፏ ትጠብቃለች። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ይተርፋሉ። በኩሬ ውስጥ ደግሞ ገና በሁለትና በሦስት ወር ዕድሜዋ መውለድ ልትጀምር ትችላለች። ወንድና ሴት ተቀላቅለው የገቡበት ኩሬ ከጥቂት ወራት በኋላ በልጆችና በልጅ ልጆች ይጨናነቃል፤ ምግቡ ለሁሉም አይበቃም፤ ዓሣው ይቀጭጫል።

ይህን በቁጥር እንየው። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ኩሬ በካሬ ሜትር 2 ጫጩት ብንጨምር 400 ጫጩት ይሆናል። ከእነዚህ 320 ቢተርፉና እያንዳንዳቸው 250 ግራም ቢደርሱ 80 ኪሎ ዓሣ እናገኛለን። ኩሬው ከተጨናነቀ ግን የሚወጣው ዓሣ በሚዛን ያው 80 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኛው መዳፍ የማይሞላ ትንንሽ ዓሣ ስለሚሆን ገዢ አያገኝም። በሪፖርት ላይ ሁለቱ ኩሬዎች እኩል ናቸው፤ በአርቢው ኪስ ግን አንዱ ገቢ ሌላው ኪሳራ ነው።

መፍትሔዎቹ የታወቁ ናቸው። ወንዶቹን በእጅ ለይቶ ማስገባት ይቻላል፤ ልፋት ይጠይቃል፤ ግማሹም ጫጩት ይቀራል። ገና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ለሦስትና ለአራት ሳምንታት ሆርሞን የተቀላቀለበት መኖ በመመገብ ሁሉም ወንድ እንዲሆኑ ማድረግም ይቻላል፤ ይህ ግን ሠልጣኝ ባለሙያና ጥብቅ ቁጥጥር ይሻል። ሦስተኛው መንገድ ቆሮሶው ትንሽ ካደገ በኋላ ጥቂት አምባዛ በኩሬው ውስጥ መጨመር ነው። አምባዛው የሚፈለፈሉትን ደቃቅ ጫጩቶች እየበላ ቁጥሩን ይቀንሳል፤ ራሱም አድጎ ይሸጣል። ለአነስተኛ አርቢ ይህ ሦስተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ነው። ሆኖም የትኛውም መንገድ ቢመረጥ አርቢው ዕድሜውና መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ጤነኛ ጫጩት በሚፈልግበት ወር፣ ሩቅ ሳይሄድ ማግኘት አለበት። ጫጩት በኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ይዳከማል፤ ብዙው ኩሬ ሳይገባ ይሞታል። ስለዚህ ከሩቅ ካለ አንድ ትልቅ ማዕከል ይልቅ በየወረዳው ያሉ ትንንሽ የጫጩት ማባዣዎች ለአርቢው ይበጃሉ ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው መኖ ነው። በዓሣ እርባታ ከሥራ ማስኬጃ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ለመኖ ይወጣል። አንድ ኪሎ ዓሣ ለማሳደግ ሁለት ኪሎ ያህል መኖ ያስፈልጋል ብንል፣ ከላይ ላነሣነው 80 ኪሎ ዓሣ 160 ኪሎ መኖ መግዛት ይኖርብናል። ከዚህ ቀላል ሕግ ይወጣል፤ የአንድ ኪሎ ዓሣ ዋጋ ከሁለት ኪሎ መኖ ዋጋ በበቂ ሁኔታ ካልበለጠ አርቢው ኩሬውን ሳይሞላ ከስሯል።

በቤት የሚዘጋጅ መኖ ወጪውን ሊቀንስ ይችላል። ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ፣ የቢራ ጠመቃ ቅሪት በየአካባቢው ይገኛሉ። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲን አለው፤ አሰሩ ግን ብዙ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። የእንስሳት ፕሮቲን ሲታከልበት ይሻላል። እዚህ ላይ የምንጥለውን ማየት ይጠቅማል። በሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣው ሲበለት የሚወጣው ሆድ ዕቃና አጥንት የአባ ኮዳ ሲሳይ ነው። ይህ ተረፈ ምርት በንጽሕና ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ የመኖ አካል ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ኩሬው ራሱ ምግብ ያበቅላል። በመጠኑ ፍግ የተጨመረበት ውኃ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴነት ለቆሮሶ ማዕድ ነው።

ነገር ግን ሲበዛ ይገድላል። ደቃቅ ዕፅዋቱ ቀን ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ይተነፍሱታል። ስለዚህ ከመጠን በላይ አረንጓዴ በሆነ ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ ጧት ሞቶ ተንሳፎ ይገኛል። ምክንያቱን ያልተረዳ አርቢ ጎረቤቱን መርዝ ጨመረብኝ ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። መቆጣጠሪያው ግን መሣሪያ አይሻም። አርቢው እጁን ዘርግቶ ወደ ውኃው ያስገባ፤ ውኃው ክርኑ ጋ ከመድረሱ አስቀድሞ መዳፉ ከጠፋበት ፍጉን ያቁም፤ ክርኑ ደርሶም መዳፉ ጥርት ብሎ ከታየው ትንሽ ይጨምር። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከኩሬው ጋር አብሮ ሳይደርስ ሲቀር ነው ኩሬው የሚከስረው።

ሦስተኛው ገበያ ነው፤ ገበያውን ደግሞ ከአየር ጠባዩ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ቆሮሶ የሙቅ ውኃ ዓሣ ነው። በ28 እና በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል በደንብ ያድጋል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ዕድገቱ እጅግ ይዘገያል። የዓሣ ፍላጎት በአገራችን ከፍ የሚለው ደግሞ በጾም ወራት፣ ከሁሉም በላይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በሚውለው ዐቢይ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ እኔ የምናገረው በገበያ ስለሚታየው ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ከዐቢይ ጾም አስቀድመው የሚመጡት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሌሊታቸው የሚበርድ ወራት ናቸው። ዓሣው በጣም በሚዘገይበት ወቅት ማግስት ገበያው በጣም ይፈልገዋል። በክረምት መግቢያ ደቃቅ ጫጩት የጨመረ የወይና ደጋ አርቢ ለጾሙ የሚደርስለት ዓሣ አይኖረውም። ጫጩቱን በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ያውም ጠንከር ያለውን የጨመረ ግን ብርዱ ሳይመጣ አብዛኛውን ዕድገት ያገኛል። አንድ የእርባታ የቀን መቁጠሪያ ለሁሉም ወረዳ ማደል የማይሠራው ለዚህ ነው። በቆላ የሚበጀው በወይና ደጋ አይበጅም፤ በደጋ ደግሞ ቆሮሶ ማርባት ይገባል ወይ የሚለው ራሱ በቅድሚያ መጠየቅ አለበት።

እስካሁን ያነሣሁት ፈተናውን ነው። ዕድሉም ከዚያው ይወጣል።

አንደኛ፣ አርቢው ከአጥማጁ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። አጥማጅ የያዘውን ዓሣ በዚያው ቀን ካልሸጠ ወይም በረዶ ካላገኘ ይበላሽበታል። የአርቢው ማቀዝቀዣ ግን ኩሬው ነው። ዓሣውን በሕይወት አቆይቶ ለገበያ ቀን የሚበቃውን ያህል ብቻ በመረብ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አውጥቶ በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ ትልልቁን እየመረጠ በየሳምንቱ ለአቅራቢያው ምግብ ቤቶች ቢያቀርብ ዋጋውን ያስከብራል፤ ለቀሩትም ቦታ ይለቃል።

ሁለተኛ፣ ዓሣ ለብቻው ሲቆም ደካማ፣ ከሌላው እርሻ ጋር ሲዋሐድ ብርቱ ነው። የዶሮው ፍግ ኩሬውን ያዳብራል፤ ከኩሬው የሚወጣው ለም ውኃ ለጎመን፣ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ማዳበሪያ ነው። አንዱ ሲከስር ሌላው ይደግፋል። በየገጠሩ የመስኖ ውኃ ለማቆር የተዘጋጁ በላስቲክ የተነጠፉ ኩሬዎችም ለዚህ የተመቹ ናቸው። ጥንቃቄ የሚሻው ግን በበጋ አትክልቱ ውኃ ሲፈልግ ዓሣውም የሚፈልግ መሆኑ ነው። አርቢው ከየት በታች ውኃ እንደማይቀዳ አስቀድሞ በኩሬው ግድግዳ ላይ ምልክት ማድረግ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ከኩሬው የሚወጣው ለገበያ ብቻ አይደለም። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ በሚቀመስበት ቤት ሁለት ዓሣ ለልጆች ማዕድ ትርጉም አለው። ኩሬው ለቤት ቅርብ በመሆኑም ብዙ ጊዜ የሚመግቡትና የሚጠብቁት እናቶች ናቸው፤ ሥልጠናው ግን አባወራውን ብቻ ከጠራ ዕውቀቱ ከሥራው ይለያያል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ የሚጠበቀውን ልናገርና ላብቃ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ሕግ አውጥታለች፤ በሰበታና በባሕር ዳር የምርምር ማዕከላት አሏት። የጎደለው ከኩሬው ዳር የሚነሣ ጥናት ነው። በየወረዳው የኩሬ ውኃ ሙቀት በየወሩ ስንት ነው? ከየአካባቢው ተረፈ ምርት የሚሠራ መኖ በአንድ ኪሎ ዓሣ ስንት ብር ያስወጣል? የተተዉ ኩሬዎች ለምን ተተዉ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በመመረቂያ ጽሑፎች ብዙም የሚመረጥ አይደለም፤ ምክንያቱም ስለ ስኬት መጻፍ ይቀላል። እኔ ግን ከሁሉም የሚያስተምረው እርሱ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ፈጥኖ የሚያድግ ዝርያ ከውጭ እናምጣ የሚለውን ሐሳብ በጥንቃቄ መርምሩት። እ.ኤ.አ. በ1988 በፊሊፒንስ የተጀመረው ታዋቂው የቲላፒያ ማሻሻያ ሥራ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል በተወሰዱ የዱር ዓሦች ላይም የተመሠረተ ነበር። እኛም በሐይቆቻችን ለዘመናት የኖረ የራሳችን ቆሮሶ አለን። ከኩሬ ያመለጠ ባዕድ ዝርያ ከዚህ ጋር ቢዳቀል ያንን ሀብት መልሶ መለየት አይቻልም። ከማምጣታችን በፊት ያለንን እንወቅ፤ ከራሳችንም መርጠን እናባዛ።

የተተወ ኩሬ ባዶ ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ትንኝ ይራባበታል፤ ሕፃናት ይሰጥሙበታል፤ ከሁሉም በላይ ግን ጎረቤት እያየው የዓሣ እርባታ አያዋጣም ብሎ ይደመድማል። አንድ ጊዜ የተጎዳን ገበሬ እምነት መመለስ አዲስ ኩሬ ከመቆፈር ይከብዳል። ስለዚህ ለአንድ ገበሬ ኩሬ ቆፍር ከማለታችን በፊት ጫጩቱን ከማን፣ መኖውን በስንት፣ ዓሣውንስ ለማን እንደሚሸጥ አብረነው ቁጭ ብለን እናስላ። ስሌቱ ካላዋጣ አትቆፍር ማለትም የባለሙያ ምክር ነው።