የእንግዶቹ ምሽት

(ከምዕራብ ጐጃም የመጣን ተማሪዎች በማኅበራችን የንግግር ምሽት ላይ ያሰማነው)





ባለፈው ሳምንት ከዚሁ ቦታ ላይ ቆሞ ስለ ቱሪዝም የተናገረው ጓደኛችን፥ «አገራችን የሚታይ ነገር ሞልቶ ተርፏት ሳለ እንግዳ ማስተናገዱን ግን ገና አልለመደችም» ባለ ጊዜ ሁላችንም አጨብጭበንለታል። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ግን እኛ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የመጣነው አምስት ተማሪዎች እርስ በርሳችን ተያየን። አንድ ምሽት እንግዳ የማስተናገዱ ዕድል ደርሶን ስለ ነበር ነው። ዛሬ የቆምነውም ለማስተማር ሳይሆን ያን ምሽት እንደ ነበረ ለመናገር፥ ከዚያም አንድ ሐሳብ ለማቅረብ ነው።

አስቀድመን አገሩን እናስተዋውቅ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደምበጫን፥ ጅጋን፥ ፍኖተ ሰላምን፥ ማንኩሳንና ቡሬን በመኪና መስኮት እያየ ያልፋል። ማንኩሳን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ በስም ያውቃታል፤ ወርዶ ያያት ግን ጥቂት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ከአርበኞችና ከእንግሊዝ ጦር ጋር በቡሬ በኩል አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባታቸውን ሁላችንም ተምረናል። የቱሪስት መሥመር የሚባለው ግን አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝምን ሥራ ካቋቋሙበት ዘመን ጀምሮ ባሕር ዳርን፥ ጐንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዝ ስለ ሆነ፥ የእኛ አገር ለእንግዳ ቁርስ መብያና ነዳጅ መቅጃ ሆኖ ቀርቷል።

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለገናና ለጥምቀት ወደ አገራቸው እንዲገቡ ጥሪ ማድረጉን ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ እኛ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ስሙን የማንጠራው አንድ አስጐብኚ አሥራ አንድ እንግዶች ይዞ ጥር 10 ቀን ፍኖተ ሰላም እንደሚገባ አስታወቀ። ከእንግዶቹ ሁለቱ ፈረንጆች ሲሆኑ የቀሩት ከአገር የወጡ ወገኖቻችንና በውጭ የተወለዱ ልጆቻቸው ነበሩ። እንግሊዝኛ ትችላላችሁ ተብለን ለአስተርጓሚነት የተመረጥነው እኛ ነን። ለያንዳንዳችንም 300 ብር ተቈረጠልን፤ ደስታችንም ወሰን አልነበረውም።

አስጐብኚው የላከው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «በ10 ሰዓት የቤተ መቅደስ ጉብኝት፤ በ12 ሰዓት በሆቴሉ ግቢ ባህላዊ ጭፈራ፤ በ1 ሰዓት ተኩል እራት፥ ዶሮ ወጥና ክትፎ»። ወረቀቱን ደጋግመን አነበብነው። ከአምስታችን አንዳችን እንኳ ስሕተቱን አላየንም። ጥር 10 ቀን ግን ከተራ ነው። ከተራ ማለት ታቦታቱ ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ውሃ የሚወርዱበት፥ ሕዝቡም ገሃድን የሚጾምበት ዕለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ታቦቱ በወጣበት ሰዓት ቤተ መቅደስ፥ ጨፋሪው ሁሉ ታቦቱን በተከተለበት ሰዓት ጭፈራ፥ በጾም ቀንም ዶሮ አዝዞ ነበር ማለት ነው። የአዲስ አበባው አስጐብኚ ይህን አላወቀም ብንል ይቅር ይባልለታል፤ እኛ የአገሩ ልጆች ሳለን አለማስተዋላችን ግን ምን ይባላል?

እንግዶቹ በመንገድ ጐማ ፈንድቶባቸው ዘግይተው ደረሱ። ይዘናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ግቢው ጭር ብሏል፤ በሩ ተዘግቷል። ከአንድ ሽማግሌ ዘበኛ በቀር ሰው የለም። ከውጭ የመጣች የአሥር ዓመት ልጅ «ለምን ተዘጋ?» ብላ ብትጠይቀን «እየተጠገነ ነው» ብለን መለስንላት። ይህ የዚያ ምሽት የመጀመሪያው ውሸታችን ነበር። ሽማግሌው ግን ሰሙን። «ልጆቼ፥ ባለቤቱ ወንዝ ወርዶ ሳለ እናንተ እዚህ ማንን ደጅ ትጠናላችሁ? ተከተሉት እንጂ!» አሉን። አፍረን ወደ ወንዙ ወረድን።

በሜዳው ላይ ያየነውን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልገንም፤ ሁላችሁም በየአገራችሁ ታውቁታላችሁ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ካህናቱ በተንቈጠቈጠ ጥላ ሥር ታቦቱን አክብረው ቆመዋል፤ ደባትሩ በመቋሚያና በጸናጽል፥ በከበሮም ወረቡን ያደምቃሉ። ምንጣፍ እያነሡና እያነጠፉ በታቦቱ ፊት ሲሮጡ የዋሉት ጐረምሶች ላባቸው ሳይደርቅ በየቡድናቸው ሆ! ይላሉ፤ እስክስታው ትከሻ የሚያስቀር አይደለም፤ የሴቶቹ እልልታ ከወዲህ ሲበርድ ከወዲያ ይነሣል።

ከዚህ መካከል አንድ መሪጌታ ቅኔ ተቀኙ። ሊቃውንቱ ሁሉ «ይበል!» ብለው ተቀበሏቸው። ከእንግዶቹ አንዱ በልጅነታቸው ከቡሬ የወጡ ሰው ነበሩና ልጃቸውን አቅፈው «ምን አሉ? ንገሯት እስቲ» አሉን። እርስ በርሳችን ተገፋፋን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ ደፈረና «ኢትዮጵያን እያመሰገኑ ነው፤ የአድዋን ድል ያነሣሉ» ሲል ተረጐመ። ይህም ሁለተኛው ውሸታችን ነበር። ጐጃም የቅኔ አገር ነው፥ ዋሸራና ጐንጅ የኛ ናቸው እያልን በትምህርት ቤት ስንፎክር የኖርን ልጆች፥ ከተቀኙት አንዲት ቃል አልገባችንም።

አጠገባችን ደበሎ የለበሰ፥ አኩፋዳ ያነገተ፥ ዕድሜው ከ15 የማያልፍ የቆሎ ተማሪ ቆሞ ነበር። በትሕትና «ጋሼ፥ እንደዚያ አይደለም» አለ። ከዚያም እንዲህ ሲል አስረዳን፦ ሰሙ ዕዳ የከበደው አንድ ገበሬ ነው፤ አበዳሪው የዕዳውን ደብዳቤ ወንዝ ውስጥ ደብቆበታል፤ የገበሬው ጌታ ግን ወንዙ ድረስ ወርዶ ደብዳቤውን ቀደደለት። ወርቁ አዳም ነው፤ ሰይጣን የአዳምን የዕዳ ደብዳቤ በዮርዳኖስ ቢደብቀው ክርስቶስ ሲጠመቅ ደመሰሰለት ማለት ነው። «ለዚህ ነው ዛሬ ታቦቱ ወንዝ የወረደው» ብሎ ጨረሰ።

የቡሬው ሰው ዝም አሉ። ቈይተው «እኔም እኮ ዛሬ ገና ሰማሁት» አሉና ለልጃቸው በእንግሊዝኛ መተርጐም ጀመሩ። እኛ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ያልደረስንበትን፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ ሲያስረዳልን ቆመን ሰማን። 300 ብሩ የተቈረጠው ግን ለኛ ነበር፤ ለእርሱ አልነበረም።

ስለ ጭፈራው ደግሞ የሆነው ይህ ነው። የተቀጠረው የባህል ቡድን ስድስት ወጣቶች ሲሆኑ አራቱ «ታቦት ሜዳ ላይ እያለ ሆቴል ገብተን ለገንዘብ አንጨፍርም» ብለው ቀሩ። ሁለቱ ግን መጡ። አንደኛው እናቱን የሚጦር ልጅ ነበርና 200 ብሩ ያስፈልገው ነበር። በሆቴሉ ግቢ፥ በቴፕ ሙዚቃ፥ ለሦስት እንግዶች ጨፈረ፤ የቀሩት እንግዶች ከሜዳው አልተመለሱም። በማግስቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገሠጹት። እኛ ግን ይህን ልጅ ለመኰነን አፋችን አይከፈትም፤ እኛም በዚያው ምሽት በገንዘብ የተቀጠርን ነበርንና፤ እርሱ ቢያንስ የሚያውቀውን ነው የሸጠው።

እራቱስ? የሆቴሏ ወጥ ቤት ሠራተኛ «በገሃድ ዶሮ አላርድም» ብላ ቢላዋውን ካስቀመጠች በኋላ ክርክሩ አበቃ። እንግዶቹ የበሉት ከዚያው ከሜዳው ነው። ለአዳር የመጡ አንዲት እናት ሞሰባቸውን ከፍተው ሽሮውን፥ ምስሩንና ጐመኑን በጤፍ እንጀራ ላይ አቀረቡ፤ ጠላም ቀዱ። ፈረንጆቹ ሣር ላይ ተቀምጠው በሉ። ያችን ልጅ በእጃቸው አጐረሷት። ከእንግዶቹ አንዱ ገንዘብ ቢያወጡ እናትየዋ ፊታቸው ተለወጠ፤ «ታቦት ያመጣውን እንግዳ ሒሳብ አላስከፍልም። ካልሆነልዎ ከሙዳየ ምጽዋቱ ይጨምሩት» አሉ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ያ ወረቀት ሦስት ነገር ለያይቶ ነበር፦ ቤተ መቅደስ፥ ጭፈራ፥ እራት። በሜዳው ላይ ግን ሦስቱ አንድ ነበሩ። ቤተ መቅደሱ ወደ ሕዝቡ ወጣ፤ ጭፈራው ቤተ መቅደሱን አጀበ፤ እራቱ ላጀቡትና ለሚያድሩት ተቈረሰ። የሚጐበኝ ነገር የጠፋው አስጐብኚው ባዘዘበት ቦታ ብቻ ነው።

ታዲያ እንግዳ አይምጣብን ልንል ነውን? አይደለም። ይህ ችግር የኛ ብቻ እንዳልሆነ ያነበብነው ያስረዳናል። ባሊ በምትባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት ፀሐይ ስትጠልቅ ቤተ መቅደስ፥ ቀጥሎ ጭፈራ፥ ከዚያም በባሕር ዳር እራት ለእንግዳ እንደ አንድ ዕቃ ተጠቅልሎ ይሸጣል። የደሴቲቱ ሰዎች ግን አስቀድመው መክረውበታል። በ1963 ዓ.ም. የሃይማኖትና የጥበብ ሰዎቻቸው ተሰብስበው ጭፈራቸውን በሦስት ከፈሉት፦ በቤተ መቅደሱ ውስጠኛ ክፍል ለአምልኮ ብቻ የሚደረግ፤ ሥርዓቱን የሚያጅብ፤ ለመዝናኛ በውጭ የሚታይ። ለእንግዳ የሚሸጠው ሦስተኛው እንዲሆን ወሰኑ። ውሳኔው ሁልጊዜ ተከብሯል ማለት ባይሆንም ወሰኑን ያሰመሩት ራሳቸው ናቸው።

እኛስ ብንሆን ክፍልፋዩን ከማን እንማራለን? ቤተ ክርስቲያናችን መቅደስ፥ ቅድስትና ቅኔ ማኅሌት ተብላ ስትከፈል ኖራለች፤ ማን የት እንደሚቆም ሕፃኑ ሁሉ ያውቃል። ይህንኑ ወደ እንግዳ አቀባበላችን ብናመጣው እንዲህ ይሆናል። አንደኛ፥ የካህናቱ አገልግሎት በማንም ወረቀት ሰዓት አይቈረጥለትም፤ አይሸጥም። ሁለተኛ፥ በዓሉና ማዕዱ እንግዳን ይቀበላሉ፤ እንግዳው ግን የሚመጣው በበዓሉ ሥርዓት እንጂ በዓሉ በእንግዳው ሥርዓት አይሄድም። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ሕዝቡ የሚኖረውን በዓል እንጂ የሆቴል ግቢ ትርኢትን አልነበረም። ሦስተኛ፥ የመድረክ ጭፈራ የተከበረ ሥራ ነው፤ ሀገር ፍቅር ቴአትር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በ1950ዎቹም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የአገር ሙዚቃን ሳያዋርዱ ለተመልካች አቅርበዋል። ስለዚህ ያ እናቱን የሚጦር ልጅ ከተራ ባልሆነ ቀን፥ ከነማሲንቆውና ከነዋሽንቱ፥ የድካሙን ያህል እየተከፈለው ሊጨፍር ይገባዋል።

አሁን ስለዚህ መናገራችን ቅንጦት ይመስል ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ እንግዳ ቀርቶ እኛም ወደ ቤታችን ለመሄድ መንገዱን ጠይቀን የምንነሣ ሆነናል። የሞተባቸውና የተፈናቀሉ ቤተ ሰቦች ያሉን ነን። ይሁን እንጂ ሰላም በወረደ ማግስት ያ ወረቀት እንደገና ተጽፎ እንደሚመጣ አንጠራጠርም፤ የተራበ አገርም ያመጡለትን ሁሉ ይፈርማል። ያን ጊዜ የራሳችንን ወረቀት ይዘን ካልተገኘን መልሰን አስተርጓሚ ነን ብለን ልንዋሽ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፥ ከያንዳንዱ አካባቢ የመጣ ተማሪ በዕረፍቱ ጊዜ የአገሩን በዓል ሥርዓትና ዘፈን፥ የነገሩትን ሰዎች ስም ጭምር፥ ጽፎ ያምጣ። ሁለተኛው፥ በሚመጣው ወር በዚህ አዳራሽ አንድ የቅኔ መምህር ይጋበዙልን፤ የሚጋበዙትም ለመክፈቻ ጸሎት ሳይሆን እንደ ማንኛውም መምህር ንግግር ሊያደርጉ፥ አበልም ሊከፈላቸው ነው። 300 ብራችንን ያን ጊዜ በልተነዋል፤ አሁን ግን ለዚህ ሥራ እኛ አምስታችን እያንዳንዳችን 300 ብር አዋጥተን ለገንዘብ ያዡ አስረክበናል።

ያ የቆሎ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ከተማችን በቀድሞ ስሟ ወጀት ስትሆን ዛሬ ፍኖተ ሰላም፥ የሰላም መንገድ ትባላለች። መንገዱ እንደ ስሙ በሆነ ጊዜ ሁላችሁንም ለከተራ ጠርተናችኋል። ወንዙ ዳር እንጠብቃችኋለን፤ ቅኔውንም ሳንዋሽ እንተረጕምላችኋለን።